አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅና የደስታ መንገድ



ሰው ሆኖ ደስታን የማይሻ የለም። ገበሬው ዝናቡ በወቅቱ እንዲጥል የሚመኘው፥ ተማሪው ሌሊቱን በጥናት የሚያሳልፈው፥ እናት ልጇን ለመዳር የምትደክመው፥ ወጣቱም የተወለደበትን ቀዬ ትቶ ወደ ዓረብ አገር የሚሻገረው፥ ሁሉም በየፊናው ደስታን ፈልጎ ነው። ይሁን እንጂ የፈለጉትን ካገኙት መካከል ደስ ብሏቸው የሚኖሩት ጥቂቶች መሆናቸውን በየዕለቱ እንመለከታለን። ቤት የሠራው ሰው ከጎረቤቱ የተሻለ ባለመሆኑ ያዝናል፤ ሹመት ያገኘውም እንዳይሻር ሲሰጋ እንቅልፍ ያጣል።

ስለዚህ ጉዳይ በአሳብ ብቻ ከምንነጋገር፥ የአንድ ሰው ሕይወት ተመልክተን ብንማር ይሻላል በማለት፥ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት በወሎ ምድር በሐይቅ የኖሩትን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ታሪክ ለዚህ እትም መርጠናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሐይቅና አምባሰል

ሐይቅ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። አጠገቡ ያለችው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ወደ ውኃው ገባ ብሎ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። ቦታው ቀድሞ በታንኳ ካልሆነ የማይደረስበት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል።

ከዚያው አለፍ ሲሉ የአምባሰል ተራሮች ይገኛሉ። ከአገራችን አራት የዜማ ቅኝቶች አንዱ በዚሁ አገር ስም አምባሰል ተብሎ ይጠራል። የወሎ ሰው በጨዋታው፥ በዜማውና በእንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በሰርግም በለቅሶም አይለያዩም። ነገር ግን ይኸው ወሎ በ1973 ብዙ ሕዝብ የቀጠፈውን ረኃብ፥ በ1984 ደግሞ ሁለተኛውን፥ በ2021 መጨረሻም ጦርነትን አይቷል። ልጁን ለቀበረ አባት ስለ ደስታ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ካህናት እናውቃለን። የምንሰብከው ደስታ ጥጋብና ሰላም ሲኖሩ ብቻ የሚኖር፥ እነርሱ ሲሄዱም አብሮ የሚሄድ ከሆነ፥ ለእንዲህ ያለው ሕዝብ የሚጠቅመው ጥቂት ነው። እንግዲህ ከዚህ የጸና ደስታ አለን? ካለስ ከወዴት ይገኛል? የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሕይወት የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

ከዳህና እስከ ደብረ ዳሞ

አባ ኢየሱስ ሞዓ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ ሆነው አገሪቱን በሚገዙበት ዘመን፥ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፥ ዳህና በተባለው አገር ተወለዱ። ስማቸው በግእዝ ኢየሱስ አሸነፈ ማለት ነው። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው ወደ ትግራይ፥ ወደ ደብረ ዳሞ ተጓዙ። ደብረ ዳሞ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ምዕተ ዓመት የመሠረቱት፥ በገመድ ተይዞ ካልሆነ የማይወጣ የታወቀ ገዳም ነው። በዚያን ጊዜ የገዳሙ አበምኔት አባ ዮሐኒ ነበሩ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓም ራሳቸውን ከእርሳቸው እግር ሥር አደረጉ።

በአገራችን ልማድ 30 ዓመት የሆነው ሰው ጎጆ ወጥቶ፥ ልጅ ወልዶ፥ ለሌላው የሚያዝበት እንጂ የሚታዘዝበት ዕድሜ አይደለም። እርሳቸው ግን በዚያ ዕድሜ ረድእ ሆኑ። በገዳም ሥርዓት አዲስ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው መጽሐፍ ሳይሆን ሥራ ነው፤ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ እህል ይፈጫል፥ የታመሙ ሽማግሌዎችን ያስታምማል። ይህ የሚደረገው ጉልበቱን ለመጠቀም ብቻ አይደለም፤ ሰው የራሱን ፈቃድ ወደ ጎን አድርጎ ሌላውን ሲያገለግል የሚያገኘውን የልብ ዕረፍት እንዲቀምስ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ የጽሕፈትን ጥበብ ተማሩ፤ እጅግም የሠለጠኑ ጸሐፊ ሆኑ። የብራና ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፥ በእንጨት ላይ ይወጠራል፥ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ከዚያም በልኩ ተቆርጦ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጃል፤ ለቅዱሳን ስሞችና ለአርእስት ደግሞ ቀይ ቀለም ይዘጋጃል። ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። አንድ ወንጌል ለመጻፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ያስፈልጋል። ጸሐፊው ዛሬ የጻፈው ጥቂት ገጽ ቢሆን ነገ ከዚያው ይቀጥላል፤ ቢቸኩል ያበላሻል፥ ቢሰለች ይሳሳታል።

እዚህ ላይ በቋንቋችን ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰው ሄድሁ፥ ዘራሁ፥ ጻፍሁ ሲል አድራጊው ራሱ ነው። ስለ ደስታ ሲናገር ግን ደስ አለኝ ይላል፤ ይኸውም ራበኝ፥ ናፈቀኝ፥ ታወሰኝ እንደሚለው ነው። ተደሰትሁ ብንል እንኳ ቃሉ የተደራጊን መልክ ይዟል። ስለሆነም አባቶቻችን በንግግራቸው ውስጥ አንድ ጥበብ አኑረውልናል ማለት ይቻላል፤ ደስታ ሰው አሳዶ የሚይዘው አውሬ ሳይሆን፥ ሰው በመልካም ሥራ ላይ ሳለ ወደ ቤቱ የሚመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ እቤቱ የሌለውን ሰው አያገኘውም። አባ ኢየሱስ ሞዓም በብራናቸው ላይ አጎንብሰው ሳሉ ያገኛቸው ደስታ ይህን የመሰለ ነበር ብለን እናምናለን።

በሐይቅ ደሴት

አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ወደ ደቡብ ተጉዘው ወደ ሐይቅ መጡ፤ የገዳሙን አስተዳደር የተረከቡት በ1248 እንደሆነ ይታወቃል። የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸው በፊት በደሴቲቱ ላይ የነበረ ሲሆን፥ ቦታውን ሥርዓት ያለው ገዳምና ታላቅ ትምህርት ቤት ያደረጉት ግን እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው ኖሩ።

ገድላቸው ስለ ጾማቸውና ስለ ትጋታቸው ብዙ ይተርካል፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ሐይቁ ገብተው በውኃው ውስጥ ቆመው ይጸልዩ እንደነበረም ይነገራል። ይህን ሲሰማ፥ እንዲህ ያለው ሕይወት ከደስታ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። የሁዳዴን ጾም የጾመ ሰው የትንሣኤን ሌሊት እንዴት እንደሚቀበለው እናውቃለን። ጾም ደስታን መጥላት አይደለም፤ ትንሹ ደስታ የትልቁን ቦታ እንዳይወስድ በር መጠበቅ ነው። በሐይቁ ውኃ ውስጥ ቆሙ ብለን እኛም እንቁም ማለታችን አይደለም፤ የየራሳችን ጥሪና አቅም አለን። ነገር ግን ሥጋችን የጠየቀንን ሁሉ በሰጠነው ቀን የበለጠ ደስ እንዳላለን ሁላችንም ምስክሮች ነን።

የቀኑ ሥራቸው ማስተማርና መጻፍ ነበር። ንባብና ጽሕፈት፥ መዝሙረ ዳዊትና ሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት የሚማሩ ወጣቶች ከአማራ፥ ከሸዋና ከሌሎችም አገሮች ወደ ደሴቲቱ ይመጡ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ከ80 እንደሚበልጡ ከዝርዝሩ እንረዳለን፤ ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከእነዚህም መካከል በ1280 ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በውስጡም የራሳቸው ሥዕል ይገኛል።

የንጉሡ ወዳጅ

በ1270 የዛጉዌ መንግሥት አልፎ ንጉሥ ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ያዘ። ትውፊት እንደሚነግረን ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በሐይቅ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምሯል። ንጉሡ ገዳሙን አከበረ፤ የሐይቅ አበምኔትም አቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ አገኘ። ይህ ማዕረግ በኋለኞቹ ዘመናት በቤተ መንግሥት ታላቅ ሥልጣን ያለው ሆነ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ አባ ኢየሱስ ሞዓ ሰዎች ደስታ ይገኝባቸዋል የሚሏቸው ነገሮች ሁሉ በእጃቸው ነበሩ። ንጉሥ ወዳጃቸው ነው፤ ክብርና ዝና አላቸው። እርሳቸው ግን በደሴታቸው፥ በብራናቸውና በተማሪዎቻቸው መካከል ቆዩ። ክብሩን ለገዳሙ ጥቅም አዋሉት እንጂ ልባቸውን አላሳረፉበትም።

በእነዚያው ዓመታት በአውሮፓ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ፥ በ1274 ከማረፉ በፊት፥ ታላቁን የነገረ መለኮት ድርሰቱን ይጽፍ ነበር። ሁለቱ የሚተዋወቁበት መንገድ አልነበረም፤ ሆኖም ስለ አንድ ነገር ደክመዋል። ቅዱስ ቶማስ የሰው የመጨረሻ ግቡ ብፅዕና መሆኑን ካስተማረ በኋላ፥ ይህ ብፅዕና በሀብት፥ በክብር፥ በዝና፥ በሥልጣን፥ በሰውነት ደኅንነትና በሥጋ ተድላ ይገኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ይመረምራል። በእነዚህ በአንዳቸውም ፍጹም ብፅዕና እንደማይገኝ፥ የሚገኘውም እግዚአብሔርን በማየት ብቻ እንደሆነ ይደመድማል። ቅዱስ ቶማስ በመጽሐፍ የመረመረውን አባ ኢየሱስ ሞዓ በኑሯቸው መለሱት።

ነገር ግን ይኸው መምህር በዚህ ዓለም ላለው ላልተሟላው ደስታ ጤንነትም፥ ለኑሮ የሚበቃ ነገርም፥ ወዳጅም እንደሚያስፈልግ አልካደም። ይህን ማስታወስ ይገባናል። ለተራበው ሰው ደስታ በልብ ነው ብለን እንጀራ ብንነፍገው፥ ስለ ደስታ ማስተማራችን ሳይሆን ከኃላፊነታችን መሸሻችን ነው። የሐይቅ ትምህርት ቤትም ተማሪውን ከማስተማር ጋር የሚያኖር፥ የሚመግብም ማኅበር ነበር።

ደቀ መዝሙሩ ሲበልጥ

ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት ውስጥ ለእኛ፥ በተለይም ለካቴኪስቶች፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን ቀጥሎ ያለው ነው።

ወደ ሐይቅ ከመጡት ተማሪዎች አንዱ የሸዋው ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሲመጡ ሕፃን አልነበሩም፤ በዕድሜም በአገልግሎትም የበሰሉ ሰው ነበሩ። አሥር ዓመት ያህል በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ከተማሩ በኋላ፥ መምህራቸው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ፥ ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ። በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም ገዳም በ15ኛው ምዕተ ዓመት ደብረ ሊባኖስ ተብሎ ተሰየመ። ሌላው ደቀ መዝሙራቸው አባ ኂሩተ አምላክ ደግሞ ወደ ጣና ሄደው በዳጋ ደሴት የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም እንዳቋቋሙ ይነገራል።

የሆነውን እንመልከት። ደብረ ሊባኖስ ከጊዜ በኋላ ከሐይቅ በልጦ በአገሪቱ ገዳማት መካከል ቀዳሚ ሆነ። ዛሬ በኢትዮጵያ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስም የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ በስማቸው የተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ ወር በገባ በ24 ይታሰባሉ። የመምህራቸውን ስም ግን ከወሎና ከገዳማት ውጭ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በዝና የሚለኩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ፥ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከአጠገባቸው ባላራቁትም ነበር። ጎበዙን ተማሪ ለራስ ማስቀረት፥ ከበለጠም ማጥላላት ለሰው የማይከብድ ነገር ነውና። እርሳቸው ግን አስተምረው ሰደዱ። ይህን ያደረገ ሰው ደስታው በእጥፍ ይሆናል፤ በራሱ ሥራ ደስ ይለዋል፥ ሌላው በሠራውም ደስ ይለዋል። ምቀኛ ግን በተቃራኒው ነው፤ የራሱ ኀዘን ሳይበቃው የሌላው ደስታ ሁሉ ኀዘን ይሆንበታል። የሰውን ልብ ከድህነት ይልቅ ደስታ የሚያሳጣው ይህ መመዛዘን እንደሆነ እናምናለን።

ካቴኪስት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግራቸው ተጉዘው፥ በዛፍ ጥላ ሥር ልጆችን ሰብስበው አቡነ ዘበሰማያትን ያስተምራሉ። ካስተማሯቸው መካከል አንዱ ካህን፥ አንዷ ደናግል፥ ሌላው ሐኪም ይሆናል። አንዳንዱ ተመልሶ ሲመጣ ፊደል ያስቆጠረውን ሰው ሰላም ሳይል ያልፋል። ያን ጊዜ ልብ ይሰበራል፤ ድካሜ ለምን ነበር የሚል አሳብም ይመጣል። በዚህ ምክንያት አገልግሎታቸውን የተዉ መልካም ሰዎችን አይተናል። ለእነርሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሕይወት ምላሽ አለው፤ ደሴቱ ባዶ ቢሆንም መምህሩ ያስተማረው አልጠፋም፥ በሸዋም በጣናም ፍሬ አፍርቷልና።

በየዕለቱ ኑሯችን

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የምንወስደው ምንድን ነው?

አንደኛ፥ የዕለቱን ሥራ በሙሉ ልብ መሥራት ነው። የሚያጀብ፥ የሚያርስ፥ እንጀራ የሚጋግር፥ መዝገብ የሚይዝ ሁሉ የየራሱ ብራና አለው። ነገ ደስ ይለኛል እያለ ዛሬን በግዴለሽነት የሚያሳልፍ ሰው፥ ነገም ሲደርስ ሌላ ነገን ይጠብቃል።

ሁለተኛ፥ ለጸሎት የተወሰነ ሰዓት መለየት ነው። ረጅም ባይሆንም የማይቋረጥ ይሁን። ማታ ከመተኛታችን በፊትም ዛሬ ምን አጣሁ ከማለት ይልቅ፥ ዛሬ ምን ተቀበልሁ፥ ለማንስ ሰጠሁ ብለን ልባችንን እንመርምር።

ሦስተኛ፥ ራስን ከሌላው ጋር ማመዛዘንን መተው ነው። ጎረቤታችን ሲያገኝ ቤቱ ሄደን እንኳን ደስ አለህ እንበለው። ቃሉን ከልብ መናገር መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሲለመድ ግን የእርሱ ደስታ የእኛም ይሆናል።

አራተኛ፥ ያሳደግነውን መልቀቅ ነው። ወላጅ ልጁን፥ መምህር ተማሪውን፥ ካህንም ቁምስናውን የራሱ ሀብት አድርጎ ከያዘ በፍርሃት ይኖራል። ለእግዚአብሔር አሳልፎ የሰጠ ግን የሚያጣው የለም።

ኀዘን በደረሰ ጊዜስ? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1292 ገደማ ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከእርሳቸው በኋላ ሐይቅ ብዙ አየ። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ካህን ፍራንቼስኮ አልቫሬዝ ይህን የደሴት ገዳም በጽሑፉ ጠቅሶታል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በ1530ዎቹ ጦርነት ገዳሙ ሀብቱን አጣ። ወርቁ ሄደ፤ የመምህሩ ወንጌል ግን ቀረ። ለሌሎች ሲባል በትዕግሥት የተሠራ ነገር ብዙውን ጊዜ ሠሪውን አልፎ ይኖራል፤ ከሥራው ጋር የነበረውም ደስታ እንደ ወርቅ የሚዘረፍ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ያስተማራቸውን ልጆች፥ ያስታረቃቸውን ጎረቤቶች፥ ያበላቸውን ድሆች ማንም አይወስድበትም። ኀዘኑን ያዝናል፤ ማዘኑም ተገቢ ነው፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ነገር ግን ከኀዘኑ በታች፥ ማዕበል በማይደርስበት ጥልቀት፥ የሚያጸናው ነገር አለው።

አባታችን ኢየሱስ ሞዓን በዚህ መንገድ የመራቸው እግዚአብሔር፥ እኛንም በየሥራችን ያጽናን፤ በሌላው መልካም ነገር ደስ የሚለው ልብም ይስጠን። አሜን።